ትልቅ ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መኪና ቱርቦ የመለየትና የመምረጥ መመሪያ

በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቱርቦ ፎቶ ይመጣል። ከሥሩ «ለኔ መኪና ይሆናል?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ይከተላል፦ «ከፋብሪካው ይተልቃል አሉኝ፤ ልውሰደው?»

በፎቶ ብቻ አይመለስም። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቱርቦዎች ውስጣቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ዩቲዩብ ላይ «ይሄን ግጠሙ» የሚላችሁ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባሕር ጠረፍ አካባቢ ያለ ነው። እናንተ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ትወጣላችሁ። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም፤ ወደ ታች በቁጥር እናየዋለን።

ስለዚህ ቱርቦውን በእጃችሁ ይዛችሁ ማንነቱን እንዴት እንደምትለዩ፣ ከዚያ ለሞተራችሁና ለምትነዱበት ከፍታ ልክ መሆኑን እንዴት እንደምታሰሉ በቅደም ተከተል እነሆ። ምሳሌዬ የናፍታ ቶዮታ ነው፤ እኛ ጋ የሚበዛው እሱ ስለሆነ። የቤንዚን ስፖርት መኪና ላላችሁም ስሌቱ ያው ነው። የሚለየውን ቦታው ላይ እጠቅሳለሁ።

በቃላት እንግባባ። አየር ስቦ ለሞተሩ የሚገፋውን ወገን «የአየር ቤት»፣ በሞተሩ ጭስ የሚዞረውን «የጭስ ቤት» እላለሁ። ውስጣቸው ያሉት «የአየር ፋን» እና «የጭስ ፋን» ናቸው። መሀል ላይ ዘንጉንና ኩሽኔታውን የያዘው «ኮር» ነው። «ቡስት» ስል ጌጁ ላይ የምታነቡትን ተጨማሪ ግፊት ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሊፐር። 0.1 ሚ.ሜ የሚያነብ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል። በሜትር አይለካም፣ በስንዝር ጭራሽ።
- ማግኔት እግር ያለው ዳያል ጌጅ። መግዛት አያስፈልግም፤ ቶርኖ ቤት ይገኛል፣ ይዋሳል።
- የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት
- ለስላሳ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ናፍታ፣ ነጭ ቾክ
- ካልኩሌተር (ስልካችሁ ይበቃል)፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- የቡስት ጌጅ፤ ለናፍታ መኪና ደግሞ ከጭስ ቤቱ በፊት የሚገባ የጭስ ሙቀት መለኪያ
- ለገጠማው፦ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ ጠንካራ ፋሼታዎች (የቱቦ ማጥበቂያዎች)

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሞተር እየሠራ የቱርቦው አየር መግቢያ ክፍት ሆኖ እጃችሁን አታስጠጉ። ፋኑ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ጨርቅ ቢስብ እንኳ ቱርቦው አለቀለት፤ ጣት ቢሆን የባሰ ነው።

ከዳገት የመጣ መኪና ላይ ቱርቦ አትንኩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

ለናፍታ ብቻ፦ የድሮው ቱርቦ ዘይት ሲተፋ ከነበረ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ ዘይት ተጠራቅሟል። ሳታጥቡ ብትገጥሙ ሞተሩ ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራል። ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ሞተር ይበትናል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሞተራችሁን ጻፉ

ቱርቦውን ገና አትንኩት። ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የሞተሩ ኮድ፣ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ኃይሉን የሚጨርስበት ዙር፣ እና መኪናው የሚውልበት ሥራ።

ኮዱን ከሊብሬ ሳይሆን ከሞተሩ ላይ አንብቡ። ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ነው። 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ በአንድ ዓይነት ኮፋኖ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቱርቧቸው ግን አንድ አይደለም። 1ኬዲ ላይ የሚመጣው ሲቲ 16ቪ የጭስ ቤቱ ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ክንፎች አሉት። እነሱን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በቦታው ተራ ቱርቦ ብትሰቅሉ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ነገር ያጣል፣ መብራት ያበራል፣ ኃይል ይቀንሳል። «ገጠምኩት፣ መኪናው ግን ሞተ» የሚሉኝ ብዙዎቹ እዚህ ጋ የተሳሳቱ ናቸው።

የሥራው ነገር ለምን ይጻፋል? ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ የሚፈልገው ከታች ዙር የሚነሳ ቱርቦ ነው። ለፍጥነት የተዘጋጀ መኪና ደግሞ ላይ ዙር ላይ የሚተነፍስ ይፈልጋል። ሁለቱንም እኩል የሚሰጥ ቱርቦ እስካሁን አላየሁም።

ደረጃ 2፦ የስም ታርጋውን አንብቡ

አብዛኛው ቱርቦ የአየር ቤቱ ላይ ወይም ኮሩ ላይ ትንሽ የብረት ታርጋ አለው። በናፍታና በጨርቅ ጥረጉት። የደበዘዘ ከሆነ ቾክ ቀብታችሁ በጣታችሁ አብሱ፤ ቾኩ የተቆፈረው ቁጥር ውስጥ ይቀራል፣ ይነበባል። በሽቦ ብሩሽ ጠንክራችሁ ከፈተጋችሁት ግን ቁጥሩን ራሱን ትፍቁታላችሁ።

የቶዮታ ቁጥር በ17201 ይጀምራል። ለምሳሌ 17201-30080 የ2ኬዲ ነው። 17201-0ኤል040 የ1ኬዲ። 17201-17010 ደግሞ የ80 ሞዴል ላንድክሩዘር 1ኤችዲ-ቲ ሞተር ላይ የሚመጣው ሲቲ 26 ነው።

የሚትሱቢሺ ቱርቦ በ49 ይጀምራል። 49377 ካለ ቲዲ 04፣ 49178 ካለ ቲዲ 05፣ 49135 ካለ ቲኤፍ 035 ቤተሰብ ነው። እዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ቲዲ 04» የሚለው የጭሱን ወገን ነው የሚናገረው። የአየር ፋኑን የሚነግራችሁ ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው፤ 13ቲ፣ 15ቲ እያለ። ግማሹን አንብቦ «ቲዲ 04 ነው» ብሎ መግዛት ሙሽራዋን ሳያዩ እንደ መዳር ነው።

የአይኤችአይ ቱርቦ አርኤችኤፍ 4፣ አርኤችኤፍ 5 እያለ ይሄዳል፤ ሱባሩ ላይ ያሉት ቪኤፍ በሚል ቁጥር ይታወቃሉ። የቦርግዋርነር ኬኬኬ 5303 ብሎ ከጀመረ ኬ03፣ 5304 ካለ ኬ04 ነው።

ጋሬት በስሙ ውስጥ መጠኑን ይናገራል። ጂቲ 2860 አርኤስ ማለት፦ 28 የቱርቦው ቤተሰብ፣ 60 የአየር ፋኑ ትልቁ ዲያሜትር በሚ.ሜ፣ አር ቦል ቤሪንግ (በኳሶች ላይ የሚዞር ኩሽኔታ)። ስለዚህ ጂቲ 3076 አር የተባለ ቱርቦ ለክታችሁ ትልቁ ዲያሜትር 76 አካባቢ ካልመጣ፣ ስሙ የተለጠፈ ስም ነው።

ታርጋው ከሌለ፣ ወይም ታርጋውን የያዙት ሪቬቶች አዲስና የሚያብረቀርቁ ሆነው ቱርቦው ግን አሮጌ ከሆነ፣ ቁጥሩን አትመኑ። ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ካሊፐር አይዋሽም።

ደረጃ 3፦ ፋኖቹን ለኩ

እያንዳንዱ ፋን ሁለት ዲያሜትር አለው፤ ትንሽና ትልቅ። አየር ፋን ላይ አየሩ የሚገባው በትንሹ በኩል ነው፣ የሚወጣው በትልቁ። ጭስ ፋን ላይ ይገለበጣል፤ ጭሱ በትልቁ ገብቶ በትንሹ ይወጣል። ይህን ካልያዛችሁ ከካታሎግ ጋር ስታስተያዩ ቁጥሩ ይምታታባችኋል።

ሀ. የአየር ፋኑን ትንሹን ዲያሜትር ከፊት ለኩ። ከምላጭ (የፋኑ ክንፍ) ጫፍ እስከ ተቃራኒው ምላጭ ጫፍ። የአየር ቤቱን አፍ አትለኩ፤ አፉ ሁልጊዜ ከፋኑ ይሰፋል። «76 ነው» ተብሎ የተሸጠ ቱርቦ አፉ 76፣ ፋኑ 57 ሆኖ አግኝቻለሁ።

ለ. ትልቁን ለመለካት የአየር ቤቱ መፈታት አለበት። ቡሎን ወይም ቀለበት ነው የሚይዘው። ስታወጡት ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ካዘመመ ምላጩ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ምላጭ አይቃናም።

ሐ. የምላጮቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ 11፣ ካሊፐሩ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ጫፎች አያገኝም። ያኔ ከዘንጉ መሀል እስከ አንዱ ጫፍ ለክታችሁ በ2 አባዙ።

መ. አሁን «ትሪም» የሚባለውን አስሉ፦ ትንሹ × ትንሹ ÷ (ትልቁ × ትልቁ) × 100።

ለምሳሌ የጂቲ 2860 አርኤስ አየር ፋን 47.2 እና 60.1 ሚ.ሜ ነው። 47.2 × 47.2 = 2,228። 60.1 × 60.1 = 3,612። ሲካፈል 0.617፣ ማለትም ትሪም 62። ካታሎጉም 62 ነው የሚለው። ገጠመ ማለት ነው።

ትሪሙ ለምን ይጠቅማል? ትልቁ ዲያሜትራቸው እኩል የሆነ ሁለት ፋኖች ትሪማቸው ከተለያየ የሚያሳልፉት አየር ይለያያል። ትሪሙ የበዛው የበለጠ አየር ያሳልፋል። ሻጭ የሚነግራችሁ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ቁጥር ብቻ ነው፤ ትልቁን።

ሠ. የአየር ቤቱን ውስጥ በባትሪ እዩ። አዲስ የቶርኖ መስመር ካለ፣ የድሮ ቤት ተቦርቡሮ ትልቅ ፋን የገባበት ነው። ይህ በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም። በደንብ የተሠራ ከሆነ የፋብሪካውን ቅርጽ ይዞ ትልቅ ቱርቦ ማግኘት ነው። ግን ታርጋው ላይ ያለው ቁጥር ከእንግዲህ አይሠራም፤ የካታሎጉ ማፕም (ቱርቦው በየግፊቱ የሚያሳልፈውን አየር የሚያሳየው ሥዕል) የሱ አይደለም። የለካችሁትን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 4፦ የጭስ ቤቱን ኤ/አር ፈልጉ

ብዙ ጭስ ቤቶች ላይ «ኤ/አር» ተብሎ 0.48፣ 0.64፣ 0.86 የመሰለ ቁጥር በቀረጻ አለ። ጭሱ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ ከዚያ ቀዳዳ መሀል እስከ ዘንጉ መሀል ላለው ርቀት ሲካፈል የሚመጣ ቁጥር ነው።

ሲያንስ ጭሱ ጠቦ በፍጥነት ፋኑን ይመታል፤ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፣ ላይ ዙር ላይ ግን ሞተሩን ያንቀዋል። ሲበዛ ተቃራኒው። የቧንቧን አፍ በአውራ ጣት ስትይዙ ውሃው እንዴት እንደሚፈናጠር አስቡ፤ ያው ነገር ነው።

የአየር ቤቱም ኤ/አር አለው። እሱ ላይ አትጨነቁ፤ ለውጡ ትንሽ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የማኒፎልዱን መግጠሚያ በካርቶን ላይ ሣሉት፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ጭምር። ከናንተ ማኒፎልድ ጋር ካልገጠመ አስማሚ ማሠራት ሊኖርባችሁ ነው፤ ያ ደግሞ ቱርቦውን ከፍ ያደርገዋል፣ ኮፋኖ ሊነካ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጤናውን አረጋግጡ

ያገለገለ ቱርቦ ሲሸጥ ሁሉም ዘንጉን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጎ «አየህ፣ ይንቀሳቀሳል» ይላል። በተራ ኩሽኔታ የሚሠራ ቱርቦ ዘይት ሳይኖረው ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ ጤነኛ ነው። ዋናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ዳያል ጌጁን ዘንጉ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ግፉት፣ ሳቡት። ከ0.1 ሚ.ሜ ከበለጠ ተዉት። ወደ ጎን እየገፋችሁ ስታዞሩት ምላጩ ቤቱን ከነካም ተዉት።

ምላጭ ጫፉ የተበላ ከሆነ አቧራ ጠጥቷል። ጭስ ቤቱ ውስጥ ስንጥቅ ካለ ይበልጥ ተጠራጠሩ፤ በተለይ የዌስትጌቱ (ቡስቱ ሲሞላ ትርፉን ጭስ በጎን የሚያሳልፈው በር) ቀዳዳ አካባቢ።

ደረጃ 6፦ የአካባቢያችሁን አየር አስገቡ

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን።

ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ 0.81 ባር ይሆናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ 0.75 ባር። በጉጉፍቱ አድርጋችሁ ወደ ወረኢሉ የምትሄዱ ከሆነ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ እዚያ ወደ 0.70 ይወርዳል።

ቱርቦ የሚደክመው በቡስት አይደለም፤ በግፊት ጥምርታ ነው። ማለትም ከሱ የሚወጣው ግፊት ለሚገባው ሲካፈል። ስሌቱ ይህ ነው፦

(የአካባቢው ግፊት + ቡስት) ÷ (የአካባቢው ግፊት − 0.05)

0.05 ባሩ ፊልትሮውና ቱቦው የሚበሉት ነው። ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ ይበልጣል።

ቡስታችሁ 1 ባር ነው እንበል።
- ባሕር ጠረፍ፦ 2.01 ÷ 0.96 = 2.09
- ኮምቦልቻ፦ 1.81 ÷ 0.76 = 2.38
- ደሴ፦ 1.75 ÷ 0.70 = 2.50
- 3,000 ሜትር ላይ፦ 1.70 ÷ 0.65 = 2.62

ጌጁ አራቱም ቦታ ላይ 1 ባር ነው የሚያሳየው። ቱርቦው ግን ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል። በአየር ግፊት የሚሠራ ዌስትጌት ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚያየው ቡስቱን ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሆኜ የአንድ አባት ፒክአፕ ላይ ቡስቱን 1.4 ባር አደረስኩት። ሞከርነው፣ ይበራል። ጥምርታው እዚያው 2.9 ደርሶ እንደነበር አላሰላሁም። በማግስቱ ወደ ወረኢሉ ሄዱ። ማታ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ያ ነገር ማፏጨት ጀመረ፣ ከዚያ ቷ አለና ዝም አለ።» ላይ ላይ 3.2 ገብቷል። የአየር ፋኑ ተበትኖ ኢንተርኩለሩ ውስጥ ለቀምነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቱርቦውንም እኔ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ የማሰላው መኪናው በሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ነው እንጂ ጋራዡ ባለበት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሞተሩ የሚፈልገውን አየር አስሉ

2.5 ሊትር ናፍታ፣ 3,400 ዙር፣ ደሴ ላይ 1 ባር ቡስት እንውሰድ።

ሀ. በደቂቃ የሚስበው ሊትር = ሊትር × ዙር ÷ 2 × 0.85። ለ2 የሚካፈለው ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተነፍስ ነው። 0.85 ደግሞ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ።
2.5 × 1,700 × 0.85 = 3,612 ሊትር፣ ማለትም 3.6 ሜትር ኩብ።

ለ. የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት = ጠቅላላ ግፊት (የአካባቢው + ቡስት) × 348 ÷ (273 + ሙቀት)። ከኢንተርኩለር በኋላ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ብንል፦ 1.75 × 348 ÷ 333 = 1.83 ኪ.ግ።

ሐ. 3.6 × 1.83 = 6.6 ኪ.ግ በደቂቃ። ማፖች ብዙ ጊዜ በፓውንድ ስለሆኑ በ2.2 አባዙ፦ 14.5 ፓውንድ በደቂቃ።

መ. ይህ ትክክለኛው ክብደት ነው። ማፑ ላይ ግን ይህን ቁጥር አታስቀምጡ። ማፑ የተሠራው ለወፍራም አየር ነው። የጋሬት ማፕ መነሻው 0.96 ባር ነው፤ የሌላው ጎኑ ላይ ይጻፋል። ደሴ ላይ ቱርቦው ውስጥ የሚገባው 0.75 − 0.05 = 0.70 ባር ነው፤ ስለዚህ 14.5 × 0.96 ÷ 0.70 = 20 ገደማ።

አሁን አወዳድሩ። ይኸው ሞተር ይህንኑ 14.5 ፓውንድ አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ለማግኘት ጥምርታው 1.75 ÷ 0.96 = 1.82 ነው፣ ማፑ ላይ የሚቀመጠውም 14.5 ነው። ደሴ ላይ 2.50 እና 20። አንድ ሞተር፣ አንድ ዓይነት ጉልበት፣ ሁለት የተለያዩ ቱርቦዎች ማለት ነው።

ሙቀቱንም እዩት። የአየር ፋኑ ብቃት 70 ከመቶ፣ የሚገባው አየር 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በ1.82 የሚወጣው አየር 98 ዲግሪ ይሆናል። በ2.50 ግን 145 ዲግሪ። ኢንተርኩለር የሌለው መኪና ላይ ትልቅ ቱርቦ ለመስቀል ያሰባችሁ፣ በቅድሚያ ገንዘቡን ኢንተርኩለር ላይ አውሉ።

ጉልበቱን በግምት ለማወቅ በሐ ላይ ያገኛችሁትን ፓውንድ ለናፍታ በ7፣ ለቤንዚን በ9 ወይም በ10 አባዙ። እዚህ 14.5 × 7 ወደ 100 ፈረስ ነው። በ20 አታባዙ! «360 ፈረስ» ተብሎ የሚሸጥ የቤንዚን ቱርቦም ደሴ ላይ 0.70 ÷ 0.96 ተባዝቶ 260 አካባቢ ነው የሚቀረው። ሰው ይከፋዋል፣ ግን አየሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ማፑ ላይ ሁለት ነጥብ አስቀምጡ

የፋብሪካውን የኮምፕሬሰር ማፕ ከኢንተርኔት አውርዱ። ከታች የአየር ፍሰት፣ በግራ በኩል ወደ ላይ የግፊት ጥምርታ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የላይ ዙሩ ነው፦ 20 እና 2.50። ከሱ በስተቀኝ ቦታ መትረፍ አለበት። መጨረሻው መስመር ላይ ካረፈ ቱርቦው ትንሽ ነው፤ አየር ከመግፋት ይልቅ ሙቀት ያመርታል።

ሁለተኛው የታች ዙሩ ነው። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በ1,800 ዙር ሙሉ ቡስት ከፈለጋችሁ ያው ስሌት ወደ 10.5 ይሰጣችኋል፤ ጥምርታው ያው 2.50። ይህ ነጥብ በግራ ካለው የሰርጅ መስመር በስተቀኝ መሆን አለበት። በግራ ከወደቀ፣ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቱርቦው ፍርርር ፍርርር ይላል፣ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል። ከፍታ ላይ ጥምርታው ስለሚጨምር ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሰርጅ መስመሩ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ለዚህ ነው ባሕር ጠረፍ ላይ ፀጥ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሐረጎ ላይ የሚያጓራው።

ሁለቱም ነጥቦች ውስጥ ካረፉ፣ መሀል ላይ ወዳለው የብቃት ክብ የሚቀርበውን ምረጡ። ሁለት ቱርቦ እኩል ከመጣባችሁ ለጭነት መኪና ትንሹን ውሰዱ።

ማፕ ለሌለው የቻይና ቅጂ፣ በለካችሁት ሁለት ዲያሜትርና ትሪም በጣም የሚቀርበውን የፋብሪካ ቱርቦ ፈልጉና የሱን ማፕ ተጠቀሙ። ከላይ ግን 10 ከመቶ ቀንሱ። ይህ የኔ ልማድ ነው፤ አላሳፈረኝም።

ደረጃ 9፦ ግጠሙ፣ ፈትኑ

አሮጌው ለምን እንደሞተ ሳታውቁ አዲሱን አትግጠሙ። ብዙውን ጊዜ የዘይት መግቢያው ቀጭን ቱቦ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ነው። ቀይሩት፤ አጥቦ መመለስ አያዋጣም። የዘይት መመለሻው ቱቦ ወደ ታች ይውረድ፣ የትም ቦታ ላይ ወደ ላይ አይመለስ፣ ውስጡም ከ16 ሚ.ሜ አይነስ። ዘይቱ የሚወርደው በክብደቱ ነው፤ የሚገፋው የለም። መመለሻው ከታነቀ ዘይቱ በፋኖቹ በኩል ይወጣና «ቱርቦው ዘይት ይጠጣል» ይባላል።

ቦል ቤሪንግ ከሆነ መግቢያው ላይ 0.9 ሚ.ሜ አካባቢ ቀዳዳ ያለው መገደቢያ ይፈልጋል። ተራ ኩሽኔታ ላይ ይህን አታስገቡ፣ ታደርቁታላችሁ።

ከማስነሳታችሁ በፊት መግቢያው ውስጥ ንጹሕ ዘይት አፍስሱ፣ ፋኑን በእጅ አዙሩ። ነዳጅ ዘግታችሁ ለ10 ሰከንድ ሞተሩን በማስነሻው ብቻ አዙሩት፤ ዘይት በመመለሻው መውረዱን እዩ። ከዚያ አስነሱና ጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይቆይ፤ ጋዝ አትርገጡ።

ፈተናው ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አሙቁት፣ በሦስተኛ ማርሽ ሸክም አድርጋችሁ ውጡ። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ጌጅ ያንብብ። ናፍታ ላይ ከጭስ ቤቱ በፊት ያለው ሙቀት ከ700 ዲግሪ በላይ ቆይቶ ከዘለቀ ጋዝ ቀንሱ፤ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል። ጥቁር ጭስም ያንኑ ይናገራል። ቤንዚን ላይ የምትሰሙት ማንኳኳትን ነው፤ ከሰማችሁ ወዲያው ቡስት አውርዱ። ደሴ ስትደርሱ ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይተንፍስ። ዘይቱ ቀይ የጋለ ዘንግ ላይ ቆሞ እንዳይቃጠል ነው።

ቡስቱ ኮምቦልቻ ላይ ደርሶ ደሴ ላይ ከወረደ፣ ቱርቦውን ከመውቀስ በፊት ቱቦዎቹን በሳሙና ውሃ ፈትሹ። ከሁለት አንዱ ፋሼታ ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- የአየር ቤቱን አፍ ለክቶ ፋን ለካሁ ማለት።
- የፋብሪካውን የጭስ ቤት ትቶ የአየሩን ወገን ብቻ ማተለቅ። ትልቁን ፋን የሚያዞር ጭስ አይኖርም፤ ታች ዙር ላይ መኪናው ይተኛል፣ ከዚያ ሰርጅ ይከተላል።
- ቡስት ጌጅ ሳይኖር ዌስትጌት ማጥበቅ።
- የፊልትሮውን ቤት አውልቆ ክፍት ፊልትሮ መግጠም። ድምፁ ያምራል። የሚስበው ግን የኮፋኖ ሥር ትኩስ አየርና የባቲን መንገድ አቧራ ነው።
- ጓርኒሲዮን ቦታ ላይ ሲሊኮን መቀባት፣ በተለይ ዘይት መግቢያው ላይ። የተላጠ ቁራጭ ቱቦውን ይዘጋዋል።

ለመጠየቅ ከፈለጋችሁ አብሽሩ፣ ጻፉልኝ። ነገር ግን ከፎቶው ጋር እነዚህን ላኩ፦ የሞተሩ ኮድ፣ የታርጋው ቁጥር በቅርብ የተነሳ፣ የአየር ፋኑ ሁለት ዲያሜትር፣ የጭስ ፋኑ ሁለት ዲያሜትር፣ ኤ/አሩ፣ የምትፈልጉት ቡስት፣ እና መኪናው የሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ስም።